ሁለት የፍሬን ዲስክና ጋሽ ስንሻው

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ዝናብ አደረ። ከተማችን ገንዳ ውሃ ጭቃ ሆናለች፤ ጥቁሩ አፈር ጫማ ከያዘ አይለቅም። ላብራቶሪው በሰው ተጨናንቆ ዋለ። ወባ፣ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ወባ… ማይክሮስኮፕ ላይ እንዳጎነበስኩ አንገቴ ደርቆ ሊቀር ነው።

ከሥራ ስወጣ ነፋስ ልቀበል ብዬ ሞተሬን አስነስቼ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። የፊት ፍሬኑን ስይዝ መሪው እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሊመረመር እንደመጣ በሽተኛ። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ነበር፤ አሁን ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። የዲስኩን ጠርዝ በጥፍሬ ስነካው ከንፈር አውጥቷል። አልቋል ማለት ነው? ወይስ ተጣሞ ነው?

ይኼን ሞተር ስገዛ ያልሳቀብኝ የለም። ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ከመጣ ሰው ነው የገዛሁት። የእሽቅድምድም ሞተር ነው። ቆጣሪው ላይ ሁለት መቶ ሰማንያ ድረስ ተጽፏል። እኔ ከዘጠና አልፌ አላውቅም። ፍየል አለ፣ አህያ አለ፣ ኬላ አለ። የቀረው ቁጥር ለጌጥ ነው። አነዳዱ ደግሞ ወደፊት አጎንብሶ ስለሆነ ሆዴ ታንከሩ ላይ ያርፋል። እፀገነት "ታንከር አቅፎ የሚተኛው" ትለኛለች።

እሑድ እሷ ቤት ሽማግሌ ይሄድልኛል። ከዚህ ነበር መጀመር የነበረብኝ። ስለ ፍሬን ጀመርኩ። እንዲህ ነኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። የመሯቸው የቤት አከራዬ አቶ ደምለው ናቸው። ከሩቅ ሳያቸው ፊታቸው ላይ ሳቅ ይሁን ሐዘን መለየት አቃተኝ።

"እሺ አሉ?"

"እምቢም አላሉም።"

"ታዲያ ምን አሉ?"

"ስለ ሞተሩ ጠየቁን።"

የእፀገነት አባት ጋሽ ስንሻው… ሽንፋ አካባቢ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ማጭዱ፣ አካፋው፣ የማረሻው ብረት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የከረመው። በእሳቸው ጊዜ አንድ ብረት ዝጎ አያውቅም ይባላል። ራሳቸው ግን ከበቅሎ ሌላ ነድተው አያውቁም።

ያሉት ይኼ ነው፤ አቶ ደምለው ድምፃቸውን እያስመሰሉ ነገሩኝ። "ልጁን አውቀዋለሁ። በዚያ በሚጮኸው ነገር በደጄ ሲያልፍ አየዋለሁ። ሲሮጥ አይቻለሁ። ሲቆም ግን አላየሁም። ልጄን ከኋላው ሊያስቀምጥ አይዶለም? መጀመሪያ እኔን ያስቀምጥ። ከመስቀል በኋላ መተማ ዮሐንስ ወስዶ ይመልሰኝ። ከዚያ መልሴን እሰጣለሁ።"

ሌላው አማት ዘር ይቆጥራል፣ ጥሎሽ ይጠይቃል። የእኔው ፍሬን ጠየቁ። ያውም የሌለኝን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ሷሊህ ጋ ሄድኩ። ከሱዳኑ ገላባት ማዶ የመጣ መካኒክ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ቆርቆሮ ዘርግቶ ይሠራል። አማርኛው ከእኔ አይተናነስም፤ ሲናደድ ብቻ ወደ አረብኛው ይሄዳል።

ዲስኩን ለካና መለኪያውን አሳየኝ። "ባህሩ፣ ይኼ ሞቷል።"

ስንት ሲደርስ መጣል እንዳለበት ብረቱ ላይ ራሱ በትንንሽ ፊደል ተቀርጿል። እኔ ከዚያ በታች ወርጃለሁ። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አላየሁትም። ሰው ደም ውስጥ በዓይን የማይታይ ነገር ፈልጌ አገኛለሁ ብዬ ደሞዝ የምበላ ሰው…

"ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስልጠውስ?"

"ዋላሂ፣ የቀጠነውን ልታቀጥነው?"

የፊት ጎማ ዲስኩ ሁለት ነው፣ በግራና በቀኝ። ሁለቱም ይቀየራሉ፤ የሚይዛቸው ሸራም አብሮ።

"ምን ዓይነት ልግዛ?" አልኩት።

"የሚያቆም።"

ይኼም መልስ ሆኖ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

አዲስ አበባ ያሉ ነጋዴዎች ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉትን ሳይ ዋልኩ። ለካ ዲስክም ዓይነት አለው። ድፍን አለ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አለ። መሐሉና ዳሩ ለየብቻ ሆኖ በትንንሽ ቁልፎች የተያያዘም አለ፤ ሲግል ዳሩ በነፃነት እንዲሰፋና እንዳይጣመም ነው ይላሉ። የቆላን ሙቀት ቀምሶ ያየ ሰው ሳይሠራው አይቀርም።

ከዚያ… ወርቃማው መጣ። ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ይወዛወዛል። መሐሉ ወርቅ ቀለም ነው። የቀረውን ሁሉ ረሳሁት።

የደም ናሙና ይዛ የቆመች ነርስ "ባህሩ፣ ፎቶው ያማረ ነው፤ እጮኛህ ናት?" አለችኝ። አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ከእፀገነት ጋር ከርከዴ ልንጠጣ ወጣን። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ አሁን ትምህርት ዝግ ስለሆነ ስንገናኝ አትቸኩልም። ወርቃማውን አሳየኋት። እንደ ተማሪ ደብተር ስልኩን አርቃ አቅርባ አየችው።

"ሲሽከረከር ወርቁን ማን ያየዋል?"

"ሲቆም ይታያል።"

"መጀመሪያ ይቁማ።"

ሳቅን። ከዚያ ብርጭቆዋን ማሽከርከር ጀመረች። ስትፈራ እንዲህ ናት።

"እናቴ ስትሞት ገና ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን እያበጠረ ትምህርት ቤት የሚልከኝ አባቴ ነው። ያለ እሱ ምርቃት ከዚያ ቤት አልወጣም። እንዳትቀየመኝ።"

አልተቀየምኩም። ወደ ቤት ስመለስ ስለ እሷ እያሰብኩ መንገዱን ጨረስኩ ብል ደስ ባለኝ። ግማሹን ስለ ወርቃማው ነው ያሰብኩት።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ሷሊህ ደወለ። ከገላባት በኩል የመጣ አንድ ሰው የእኔ ዓይነት ሞተር ዲስክ ይዟል አለኝ፤ ያገለገለ፣ ግን ደህና። ከሥራ አስፈቅጄ በረርኩ… በዘጠና።

ሰውየው ዲስኩን ከጨርቅ ፈትቶ አወጣው። እውነትም ደህና ነው። አንድ ነው ግን። የግራው።

"የቀኙስ?" አልኩ።

ሷሊህ አስተረጎመልኝ። "ሞተሩ ከቤቱ ጋር ካርቱም ቀረ። መንገድ ላይ የሚሸጥ ነገር ሲፈልግ ፈትቶ የደረሰለት ይኼ ነው።"

ሰው አገሩን ጥሎ መጥቷል። እኔ ጥንድ አይደለም ብዬ አኩርፌ ልመለስ ነበር። አንዱን ምን እንደማደርገው ሳላውቅ ገዛሁት። አሁን ግድግዳዬ ላይ ሰዓት ይመስል ተሰቅሏል።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንኳን አደረሰኝ። አልመረጥኩም።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚመጡት መድረስ ጀምረዋል። ቆላው ይቀበላቸዋል፣ ወባውም ይቀበላቸዋል። ዛሬ አንድ የጎጃም ሰው ውጤቱን እየጠበቀ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ስልክ አሻግሮ አየ።

"ጌታው፣ ይህ የወፍጮ ድንጋይ ነው?"

"የሞተር ፍሬን ነው።"

"ኧረግ! ያምራል። የቱን ልትገዛ ነው?"

ሁሉንም አሳየሁት። በትኩሳት ዓይኑ ቀልቷል፤ እንዲያም ሆኖ አንድ በአንድ አየ።

"እኔ ብሆን ይህን ወርቁን።"

ልቤ ቅቤ ጠጣች። በመጨረሻ የገባው ሰው ተገኘ። ማታ ለሷሊህ ስነግረው ቁልፉን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ። "ወባ የያዘው ሰው ነው የመረጠልህ?"

ረቡዕ፣ መስከረም 7

ዛሬ የሆነውን ብጽፈው ይሻላል፤ ካልጻፍኩት ነገ እክደዋለሁ።

በእፀገነት ቤት በኩል ሳልፍ ጋሽ ስንሻው በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ቆም ብዬ ሰላም ልበላቸው አልኩ። ሲቆም አላየሁም ብለው የለ? ይዩ። የፊቱን ያዝኩ። መሪው ተንቀጠቀጠ፣ እጄ ፈራና ለቀቀ፣ በራቸውን አለፍኩ። ጎረቤታቸውንም አለፍኩ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ያን ሁሉ ብረት በእግሬ እየገፋሁ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ላቤ በዓይኔ እየገባ "እንዴት ዋሉ ጋሽ?" አልኩ።

"እግዜር ይመስገን። ልትቆም ያሰብከው እዚህ ጋ ነበር?"

"አዎ ጋሽ።"

"እሺ።"

ምነው በተሳደቡ። ያቺ "እሺ" እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ናት። ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ አዘዝኩ። ወርቅ የለውም፣ አበባ የለውም። ክብ፣ ወፍራም፣ ግራጫ፣ በቁልፍ የተያያዘው ዓይነት። ፎቶው ራሱ ደባሪ ነው። የወርቃማውን ፎቶ ግን አላጠፋሁትም… ይቀመጥ፣ ምን ጎደለኝ?

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ደመራው ጥሩ ወደቀ አሉ። ዕቃዬ ጎንደር ደርሷል፤ መንገድ ተዘግቶ እዚያው ቁጭ ብሏል። ጋሽ ስንሻው በአቶ ደምለው በኩል ላኩብኝ። "የሚመጣው ቅዳሜ ነው።"

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

መንገዱ ተከፈተ፤ አውቶቡሱ ገባ። ካርቶኑን ታቅፌ ሷሊህ ጋ ስሄድ ያየኝ ሰው ሕፃን የያዝኩ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ።

ስንከፍተው ሁለት ናቸው። ግራና ቀኝ። ቀዳዳዎቹ ልክ ገጠሙ። ፎቶው ላይ የደበሩኝ ብረቶች እጄ ላይ ሲሆኑ… ምን ልበል፣ የከባድ ሰው ዝምታ ነው ያላቸው።

ሷሊህ በቤንዚን ደጋግሞ ጠረጋቸው። ከፋብሪካ ሲመጡ እንዳይዝጉ ቅባት ይነካቸዋል አለኝ። "ከአሁን ወዲያ ጠብታ ቅባት እንዳይነካው። በጣትህም እንዳትነካው። ቅባት ከነካው አይይዝም፣ ሸራውም ይበላሻል።"

ከዚያ ደግሞ አዲስ ዲስክ ከሸራው ጋር መላመድ አለበት ብሎ ላከኝ። አስፋልቱ ላይ መሮጥ፣ መያዝ፣ መሮጥ፣ መያዝ። አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገቤ ቆሞ "ወንድም፣ የጠፋህ ነገር አለ?" አለኝ።

መሪው አልተንቀጠቀጠም። ጭራሽ።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ሞተሩን አጠብኩ። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ፣ ትንፋሼን ይዤ። እፀገነት በስልክ፣ "አባቴ ከዘራውን ይዤ ልሂድ አልሂድ እያለ ነው።" መጥፎ ምልክት ነው? ጥሩ?

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

አለቀልኝ።

በሥርዓት ልጻፈው። ጠዋት ጋሽ ስንሻው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ሄልሜቱን አጠለቅኩላቸው። ከዘራው በእኔና በእሳቸው መካከል ገባ፤ እስከ መተማ ዮሐንስ ጎድኔን ሲወጋኝ ሄደ። እፀገነት በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

ገና አስፋልቱን ስንይዝ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። "ቁም።"

ቆምኩ። ለስላሳ፣ ቀጥ ብሎ። ሄድን። ከብት መሐል፣ "ቁም።" ቆምኩ። ማንም በሌለበት ባዶ መንገድ፣ "ቁም።" ቆምኩ። ምክንያት የለውም፣ ሲላቸው ነው። በየጊዜው ከሄልሜቱ ውስጥ አንድ "እህ" ይሰማል። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ በኋላ በኋላ ለዘብ አለ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ። ያ ደባሪ ብረት… ነፍሴን ሸጬ ብገዛው አይቆጨኝም ነበር።

መተማ ዮሐንስ ገባን። ከባድ መኪናዎች ጉምሩኩ ጋ እስከ ዳር ተሰልፈዋል። አንድ ዳስ ሥር ከርከዴ አዘዝኩላቸው። ዝናብ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ሰሊጥ ያለው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። እዚያ ያለ የላብራቶሪ ጓደኛዬን ሰላም ብዬ ልመለስ ብዬ አስፈቀድኳቸው።

ስመለስ ጋሽ ስንሻው የፊት ጎማው ጋ ቁጢጥ ብለዋል። እያዩት ነው። ጎንበስ ብለው፣ ጠጋ ብለው፣ ልክ እንደ ዕቃ ቤታቸው ዕቃ። አጠገባቸው ትንሽ ፌስታል አለ፤ ለቤት የሆነ ነገር ገዝተው ይሆናል አልኩ። ሲያዩኝ ተነሡና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ጥሩ ብረት ነው" አሉ።

ይኼን ከእሳቸው አፍ መስማት… አንገቴ ረዘመ። አመስግኜ አስነሣሁ። ከተማ ውስጥ በዝግታ፣ በእግር ፍሬኑ ብቻ ወጣን።

መውጫው ላይ ኬላው ገመድ ወጥሯል። የፊቱን ያዝኩ።

ምንም። እጀታው ጠንካራ ነው፣ ሞተሩ ግን ይሄዳል። እንደ ሳሙና። እንደገና ጨበጥኩ። ምንም። የእግሩን ረገጥኩ፤ እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ። ከፊት ገመድ፣ ከገመዱ ወዲያ ፖሊስ። መሪውን ወደ ዳር ሰጠሁት። እርሻ ውስጥ ገባን። የቆመ የሰሊጥ ሂላ ነበር፣ ነዶው ተደጋግፎ እንዲደርቅ የተከመረ። እሱ አቆመን።

ስነቃ… ስነቃ አይደለም፣ ስነሣ፤ ማንም አልተጎዳም። ዙሪያችን ሰሊጥ ይዘንባል። ጋሽ ስንሻው ነዶው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሄልሜታቸውን አወለቁ፤ ከውስጡ ሰሊጥ ተንዠቀዠቀ።

"አሁን እኮ ቁም አላልኩህም" አሉ።

ባለ እርሻው እየሮጠ መጣ፣ ፖሊሶቹ መጡ። ላስቲክ አንጥፈን የረገፈውን ስንሰበስብ ቆየን፤ ይቅርታ ያላልኩት ነዶ የለም። ጋሽ ስንሻውም አብረው ለቀሙ። ከዚያ "አየሁ" ብለው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከዘራቸውን እኔ ጋ ረስተውታል።

"አየሁ።" ምን ማለት ነው? ምን ማለት እንደሆነማ ግልጽ ነው።

እሑድ፣ መስከረም 25

እፀገነት ደወለች። አባቷ አልተናገሩም አለች። ምሳ በሉ፣ ደጅ ወጡ፣ ገቡ። አንዴ ብቻ "አልቆመም" ብለዋል፣ ለራሳቸው።

ሷሊህ ሞተሩን ሊያይ መጣ። ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

"አሽትት።"

ሰሊጥ ነው። "ሂላው ውስጥ ገብተናል አልኩህ እኮ። እኔ ራሴ እስካሁን ሰሊጥ ሰሊጥ እሸታለሁ።"

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ነዶ ዘይት አይጨምቅም። ይኼ ዘይት ነው። በግራም በቀኝም፣ በፊትም በጀርባም፣ በጨርቅ ተዳርሷል። ማን ነው እንዲህ የሚጠላህ?"

ተቀመጥኩ። ያ ፌስታል። ያ መሐረብ። ዝናብ ጠብ ጠብ ብሎ ነበር። ብረቱ እርጥብ ነበር…

ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት በዘይት ሲያሽ የኖረ እጅ። እርጥብ ብረት አይቶ ዝም ይላል? እኔ ከማይክሮስኮፕ ዓይኔን አንስቼ በእግሬ ስሄድ ሰው ፊት ላይ ወባ የምፈልግ ሰው ነኝ። እሳቸውም ያው።

ለሷሊህ "አላውቅም" አልኩት። ትንሽ አየኝና "ማሊሽ፣ ግድ የለም" ብሎ ቁልፎቹን ሰበሰበ። ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ሰኞ፣ መስከረም 26

ሥራ ላይ አልነበርኩም፣ በአካል ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቃል ብናገር ነፃ ነኝ። አቶ ደምለውን ልልክ እችላለሁ። "ጋሽ፣ ፍሬኑን ያበላሹት እርስዎ ነዎት" ይበሏቸዋ። እውነት ነው። ማስረጃ አለኝ፣ ምስክር አለኝ። ከዚያስ? ሠፈሩ ይሰማል። ጠላ ቤት ይገባል። ብረት ጠባቂው ስንሻው የሞተር ፍሬን ዘይት ቀባ… ሲሞቱ ሳይቀር ይወራል። ልጃቸውን አገባለሁ፣ እሳቸው ቀና ብለው አያዩኝም። እፀገነትስ? ያንን ፀጉሯን ያበጠረ እጅ ያሳፈርኩት እኔ እሆናለሁ።

ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ሁለት ጊዜ አቶ ደምለው በር ድረስ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አንኳኩቻለሁ ሁሉ። "ምነው?" ሲሉኝ "ጨው አለዎት?" አልኳቸው።

ማታ ከዘራውን ይዤ ጋሽ ስንሻው ጋ ሄድኩ። በእግሬ። ከመግባቴ በፊት የምለውን አጥንቼ ነበር፤ ስገባ ግማሹ ጠፋኝ።

"ጋሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍሬኑን በደንብ ሳላየው ነው ያስቀመጥኩዎት። ሞተሩን እሸጠዋለሁ። መልስዎን ከዚያ በኋላ ይስጡኝ።"

ከዘራውን ተቀበሉኝ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ቆዩ።

"ፍሬኑ ምን ሆነ ይላሉ፣ የሚያውቁት?"

"ያው… የዕቃ ጉዳይ ነው።"

"እህ" አሉ። እፀገነት በጓዳ በር ቆማ ታየኛለች። ሞተሩን እሸጣለሁ ስል አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም፤ ታንከር አቅፎ የሚተኛው ትለኝ አልነበር?

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ልጻፈው።

ጠዋት ወረፋው መሐል ጋሽ ስንሻው ቆመዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ካርድ አውጥተው፣ እንደማንኛውም በሽተኛ። ከተራቸው በፊት ላስገባቸው ብል እምቢ አሉ።

"ወባ ሳይዘኝ አልቀረም" አሉኝ ሲቀመጡ።

"ትኩሳት አለዎት?"

"የለኝም።"

ጣታቸውን ወጋሁ። ያ ጣት… ቆዳው እንደ ቆላ ዛፍ ልጥ ነው፤ መርፌው እምቢ ብሎ ሁለተኛ ወጋሁ። ደሙን መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ቀለሙን አደረግኩበት። እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ሌሎቹን በሽተኞች ውጭ ጠብቁ አልኩ።

ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ ጀመሩ። "ትናንት አንድ የባጃጅ ልጅ ጠየቅኩ። የሞተር የፊት ብረት እንዳይዝግ ዘይት ይቀቡታል ወይ? አልኩት። ሳቀብኝ። ጓደኞቹን ጠርቶ እንደገና ይጠይቁኝ አለኝ።"

ጥጥ አንስቼ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመርኩ።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር ጋሽ።"

"ዋሸህ።"

"አዎ ጋሽ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

ምን እላለሁ? ጠረጴዛውን ስጠርግ ነበር፣ ንጹሕ ጠረጴዛ። "እርስዎን ከምቀማ…" ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ምኑን እንደምቀማቸው እኔም አላውቀውም።

ውጭ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ስም ይጠራል።

"ሄደን መተማ ስንደርስ በልቤ እሺ ብዬ ጨርሼ ነበር" አሉ። "አንተ ጓደኛህ ጋ ስትሄድ ሞተሩን ሳየው ዝናብ አገኘው። ይህን ዝገት ቢበላውስ አልኩ። ልጄ የምትቀመጥበት ነው አልኩ። ሄጄ ዘይት ገዛሁ።"

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ምንም አላየሁም፣ ዓይኔ ውሃ ሞልቶት ነበር። ጠርጌ እንደገና አየሁ። ከዳር እስከ ዳር አየሁት፣ የሥራ ነገር ነው።

"ወባ የለብዎትም ጋሽ።"

"መጀመሪያስ መቼ ነበረብኝ" ብለው ተነሡ። በሩ ጋ ዞር አሉ። "ሞተሩን እንዳትሸጠው። ሽማግሌዎቹን እሑድ ላካቸው፤ መልሴን እነሱ ይስሙት።"

ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ። ስሙን ተሳስቼ "ስንሻው" ብዬ ነው የጠራሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሸራውን ቀየርን። ዲስኩን ሷሊህ በቤንዚን፣ ከዚያ ከላብራቶሪ በለመንኩት አልኮል ደጋግሞ ጠርጎ መለሰው። ሠርጋችን ጥር ነው። ወርቃማው ፎቶ ስልኬ ላይ አሁንም አለ፤ እፀገነት ስታገኘው "ይቺ ናት?" ብላ ሳቀች።

ጋሽ ስንሻው እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ጨርቅ ይዘው። ደረቅ ጨርቅ። "ይህስ ይፈቀዳል?" ብለው ይጠይቁኛል፤ ይፈቀዳል እላለሁ፤ የቀረውን ሁሉ ይጠርጋሉ፤ ዲስኩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። የግድግዳዬን የግራ ዲስክ አይተው "ይህ ብቻውን ለምን ተሰቀለ?" አሉኝ። ታሪኩን ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡና ወሰዱት። ቤታቸው ነው አሁን። ዘይት ተቀብቶ።

ዛሬ እፀገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዬ ተቀመጠች። ሄልሜቱን አባቷ አሰሩላት፣ ማሰሪያውን ሁለቴ አዩት። እጇን ሆዴ ላይ ስታስር "ታንከሩ የቱ ነው?" አለችኝ። በዝግታ ከበሩ ወጣን። ጎረቤታቸው ጋ ሳንደርስ ከኋላችን የጋሽ ስንሻው ድምፅ ተሰማ።

"ቁም።"

ቆምኩ።